አምቡላንሱ እስኪደርስ

እሑድ ማለዳ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ገና ሳይነጋ በሰው ይሞላል። ለውድድር የሚዘጋጁ አትሌቶች በባሕር ዛፉ መካከል ተከታትለው ያልፋሉ። ሐኪም «ክብደት ቀንሱ፣ ተንቀሳቀሱ» ብሎ የላካቸው ጎልማሶች ከኋላ እያለከለኩ ይከተላሉ። ነጠላ ያጣፉ ምእመናን ወደ ማርያምና ወደ ራጉኤል ያቀናሉ፤ ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ወገባቸው ጎብጦ ቁልቁል ይወርዳሉ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው እንጦጦ ፓርክ ደግሞ ብስክሌተኛውን፣ ፈረስ ጋላቢውንና በሽቦ ተንጠልጥሎ ሸለቆ የሚሻገረውን ወጣት ጨምሮበታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ወለል ላይ ከሚገባው በሲሶ ገደማ ያንሳል።

እንግዲህ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ በሩጫ መሃል ድንገት ቢወድቅና ልቡ ቢቆም፣ አጠገቡ ያለው ሰው ምን ያደርጋል?

ጥያቄው የሐኪሞች ይመስላል። ሐኪሙ ያለው ግን ተራራው ሥር ነው። ልቡ የቆመ ሰው ደረቱን የሚጫንለት ካላገኘ የመዳን ዕድሉ በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል፤ አንጎል ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። አምቡላንስ ወዲያው ቢነሣ እንኳ የሽሮ ሜዳን ግርግር አልፎ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ጫካው ውስጥ የወደቀውን ሰው ፈልጎ እስኪያገኝ እነዚያ ደቂቃዎች አልፈዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ርምጃ የሚወድቀው የቅርቡ ሰው ላይ ነው፤ እሱም አብሮት የሚሮጠው ጓደኛው፣ የፓርኩ ጥበቃ፣ ፈረስ የሚያከራየው ልጅ ወይም ጭራሮዋን አውርዳ የምትመለከተው ሴት ልትሆን ትችላለች።

ብዙ ሰው ድንገተኛ የልብ መቆምን ከተለመደው የልብ ሕመም ጋር ያምታታዋል። ደረት ላይ የሚጫን፣ ወደ ግራ ክንድ የሚሄድና የሚያልብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርስ ሥር ሲደፈን ነው፤ ሰውየው ያወራል፣ ይተነፍሳል፣ ሆስፒታል በእግሩ ሊገባም ይችላል። ልብ ሲቆም ግን ሥርዐት ይዞ የሚያስመታው ኤሌክትሪክ ይዘበራረቅና ልቡ ደም በመርጨት ፈንታ ይንቀጠቀጣል፤ ሰውየው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ስቶ ይዘረራል። መነሻው እንደ ዕድሜው ይለያያል። በጎልማሶች ዘንድ የደም ሥር መጥበብ ቀዳሚው ነው፤ በወጣት ስፖርተኞች ላይ አብሮ የተወለደ የልብ ጡንቻ መወፈር ወይም የኤሌክትሪክ መዛባት ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር በልጅነት ከሚደጋገም የቶንሲል ሕመም በኋላ የሚመጣው የልብ በር ጉዳት ይታከልበታል። ዶ/ር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል እስከ መክፈት የደረሰው ይህን ሸክም አይቶ ነው፤ የቀዶ ሕክምና ወረፋ የሚጠብቁትም በሺዎች ይቆጠራሉ።

አሁን ወደ ወደቀው ሰው እንመለስ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ ያላየ የለም። ሰው ይከበዋል። አንዱ «አየር ስጡት!» ይላል፤ ሌላው ውኃ ይረጫል፤ አንዱ ክብሪት ጭሮ ጭሱን አፍንጫው ሥር ይይዛል፤ አንዷ እናት ስመ ሥላሴ ጠርታ ጠበል ትፈልጋለች። ሁሉም የሚያደርገው ከልቡ አዝኖ ነው። ችግሩ ልብ ሲቆም በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች አካል ሊንፈራገጥ መቻሉ ነው፤ የሚያየውም «የሚጥል በሽታ ነው» ብሎ ይደመድማል። ከዚያ ደግሞ ሰውየው ለአንድ ለሁለት ደቂቃ አፉን ከፍቶ እንደ ማንኮራፋት ያለ፣ የተራራቀ ትንፋሽ ሊያወጣ ይችላል። ተመልካቹ «ይተነፍሳል፣ አለ» ብሎ ይረጋጋል። ያ ግን ትንፋሽ አይደለም፤ ደም የተቋረጠበት አንጎል የመጨረሻ ምልክት ነው። ክብሪቱ እስኪጫር፣ ውኃው እስኪመጣ፣ «እስቲ ይረፍ» እስኪባል ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ያ ሰው የነበረው ጊዜ ሁሉ ነው።

በዚህች አገር ደረት የመጫን ሥልጠና መጀመር ያለበት እነዚህን ምልክቶች ከመለየት ነው። እጁን የት እንደሚያስቀምጥ የሚያውቅ ሰውም «ይህ ሰው የሚጥል በሽታ አለበት» ብሎ ካመነ እጁን አያነሣም። ሊታወስ የሚገባው ደንብ አጭር ነው፤ ስትጠራው የማይመልስ፣ እንደ ወትሮው የማይተነፍስ ሰው ልቡ ቆሟል ተብሎ ይያዝ። የእግር ኳስ ሐኪሞች ይህንኑ አጥብበው ያስተምራሉ፤ ማንም ሳይነካው ሜዳ ላይ የወደቀና የማይመልስ ተጫዋች ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ልቡ እንደቆመ ይቆጠራል። ይህ ጥንቃቄ በብዙ ሐዘን የተገኘ ነው። ካሜሩናዊው ማርክ ቪቪየን ፎዬ እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 2003 ሊዮን ከተማ፣ ከኮሎምቢያ ጋር በተደረገው የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ማንም ሳይነካው መሃል ሜዳ ወድቆ ሕይወቱ አልፏል።

ደረት የመጫን ጥበብ ዕድሜው ብዙ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ኮወንሆቨን፣ ጁድና ኒከርቦከር የተባሉ ተመራማሪዎች ደረት ሳይከፈት ከላይ በመጫን ብቻ ደም ማዘዋወር እንደሚቻል አሳዩ። ከዚያ በፊት የቆመ ልብ የሚታሸው ሐኪሙ ደረቱን ቀዶ እጁን አስገብቶ ነበር። በዚያው ዘመን የኖርዌይ አሻንጉሊት ሠሪ የነበረው አስሙንድ ሌርዳል ከሐኪሞች ጋር ሆኖ የመለማመጃ አሻንጉሊት ሠራ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሠልጣኝ ተንበርክኮ የሚለማመድባት «አን» ከዚያ የመጣች ናት። አሠራሩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለመዳል። የወደቀውን ሰው ጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው ማስተኛት፣ የአንዱን እጅ መዳፍ ተረከዝ ደረቱ መሃል ላይ ማሳረፍ፣ ሌላውን እጅ ከላይ መደረብ፣ ክርን ሳያጥፉ በትከሻ ክብደት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች መጫን፣ ደረቱ ተመልሶ እንዲነሣ መልቀቅ። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። አፍ ለአፍ ትንፋሽ መስጠት የሠለጠነ ሰው ከ30 ግፊት በኋላ ሁለት ትንፋሽ ይሰጣል፤ ያልሠለጠነ ወይም የሚከብደው ሰው ሳያቋርጥ መጫን ብቻ ይበቃዋል።

መሬት ላይ ተንበርክኮ ሲሞክሩት ግን ወረቀት ላይ ያልነበሩ ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛው ቆጠራው ነው። በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል እየተጫኑ በአማርኛ ጮክ ብሎ ሲቆጠር እስከ ዐሥር ድረስ አፍና እጅ አብረው ይሄዳሉ፤ «ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት» ላይ ሲደረስ ምላስ ስለሚጎተት እጅም አብሮ ይዘገያል። ከአንድ እስከ ዐሥር ሦስት ጊዜ መቁጠር ይህን ያስተካክላል። ሁለተኛው ድካም ነው። ሜዳ ላይ እንኳ ከሁለት ደቂቃ በኋላ የአብዛኛው ሰው ግፊት ሳይታወቀው እየሳሳ ይሄዳል፤ አየሩ በሳሳበት እንጦጦ ላይ ዳገት ሮጦ የደረሰ ሰው ቶሎ ይዝላል። ሦስት ሆነው የሚሮጡ ጓደኛሞች ሦስቱም ቢሠለጥኑና በየሁለት ደቂቃው፣ ከደከማቸውም ቀደም ብለው ቢቀያየሩ ይሻላል። ሦስተኛው ደግሞ የወደቀችው ሴት ስትሆን የሚመጣው እፍረት ነው። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሴቶች ሕዝብ መሃል ሲወድቁ ከወንዶች ያነሰ ርዳታ እንደሚያገኙ አሳይተዋል፤ ነጠላና ይሉኝታ ባለበት አገር ነገሩ እንደሚብስ መገመት አያስቸግርም። አሠልጣኝ ይህን በግልጽ ሊያነሣው ይገባል፤ ግፊቱ በልብስ ላይ ሊደረግ ይችላል፣ ሌሎችም ዙሪያውን በነጠላ ሊከልሉ ይችላሉ።

ሥልጠና ሰው ያድናል ወይ ለሚል፣ ዴንማርክ ጥሩ ማስረጃ ናት። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ትምህርቱን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ በ2006 ደግሞ መንጃ ፈቃድ በሚያወጣ ሁሉ ላይ ግዴታ አደረገች። በ2001 ከሆስፒታል ውጭ ልባቸው ከቆመባቸው ሰዎች አጠገባቸው ባለ ሰው ደረታቸው የተጫነላቸው 21 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በ2010 ወደ 45 በመቶ ደረሱ። ከ30 ቀን በኋላ በሕይወት የተገኙት ደግሞ ከ3.5 ወደ 10.8 በመቶ ከፍ አሉ። ለውጡን ያመጣው ሥልጠናው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የሆስፒታል ሕክምናም በዚያው ዘመን ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. በ2021 የዴንማርኩ እግር ኳስ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን ኮፐንሃገን ላይ ከፊንላንድ ጋር በተደረገው ጨዋታ ሲወድቅ ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል። የሕክምና ቡድኑ ደረቱን ተጫነ፣ በመሣሪያ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሰጠው፣ ጓደኞቹም ዙሪያውን ቆመው ከካሜራ ከለሉት። በቀጣዩ ዓመት የካቲት ወር በብሬንትፎርድ መለያ ሜዳ ተመለሰ።

ይሁንና ለእንጦጦ ከኮፐንሃገን ስታዲየም ይልቅ የላስ ቬጋስ ቁማር ቤቶች የሚቀርቡ ምሳሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት የተከታተለው ሐኪሞችን ሳይሆን የጥበቃ ሠራተኞችን ነው፤ ደረት መጫንና አውቶማቲክ የልብ ማነቃቂያ መሣሪያ መጠቀም ተምረው ነበር። ልባቸው በመንቀጥቀጥ ሁኔታ ከቆመባቸው ሰዎች በሦስት ደቂቃ ውስጥ ንዝረት ያገኙት 74 በመቶ ከሆስፒታል በሕይወት ወጡ፤ ከዚያ የዘገየባቸው ግን ግማሽ ያህሉ። ቁማር ቤቱን የጠቀመው በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ሰው መኖሩ፣ ሠራተኛው በየቦታው መቆሙና የወደቀ ሰው ቶሎ መታየቱ ነው። መግቢያው የታወቀ፣ ጥበቃ የቆመለት፣ ፈረስና ብስክሌት የሚያከራዩ ሠራተኞች የሚውሉበት ፓርክ ከዚህ ሁኔታ አብዛኛውን ያሟላል። ዳገት የሚያስሮጥ ቦታ እንደመሆኑ የሠራተኞቹ ሥልጠና ከቲኬት ቆረጣው እኩል መታየት አለበት።

በአገራችን መሠረቱ የለም ማለት አይቻልም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1935 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ጀምሮ የመጀመሪያ ርዳታ ሥራው ነው፤ የአምቡላንስ ቁጥሩ 907 ነው። የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 አለ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በማደንዘዣ ባለሙያነት ያገለገሉት አቶ ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው ጠብታ አምቡላንስን በ2008 እ.ኤ.አ. አቋቋሙ፤ ድርጅቱ በ8035 ሲጠሩት ከመምጣት ሌላ የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠናም ይሰጣል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርትን በ2010 እ.ኤ.አ. ሲጀምር የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችና እዚያው ያሉ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች አብረው ሠርተዋል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብርም ለቀበሌዎች ካቀረባቸው ጥቅሎች መካከል የመጀመሪያ ርዳታን አካቷል። የጎደለው በእነዚህ ተቋማትና በዳገቱ ላይ በሚሮጠው ሰው መካከል ያለው ሰንሰለት ነው። ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች መኖራቸው ራሱ በድንጋጤ ሰዓት ያወዛግባል፤ የትኛው ይደወላል ተብሎ የሚባክነው ደቂቃ ውድ ነው።

ሥልጠናው እንዴት እንደሚሰጥ ደግሞ ከኮፐንሃገን ይልቅ ከአዋላጆች ሥራ መማር ይቻላል። ሳይተነፍስ የተወለደን ሕፃን ማስተንፈስ የሚያስተምረው «ሄልፒንግ ቤቢስ ብሪዝ» የተባለው መርሐ ግብር በ2010 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ተዳርሷል፤ ርካሽ የሕፃን አሻንጉሊት፣ አንድ ቀን ሥልጠና፣ በሥዕል የተሠራ መመሪያ ነው። በታንዛኒያ ሆስፒታሎች ከተጀመረ በኋላ በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር በ47 በመቶ ቀንሷል። ነገር ግን ሃይዶም በተባለ የገጠር ሆስፒታል የተደረገ ክትትል ሌላ ነገር አሳየ። አንድ ቀን የሠለጠኑት አዋላጆች በፈተና ጎበዞች ነበሩ፤ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ግን ሥራቸው አልተለወጠም። የተለወጠው አሻንጉሊቱ ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ለጥቂት ደቂቃ በየሳምንቱ መለማመድ ሲጀመር ነው። የሕፃናቱ ሞትም ያኔ ቀነሰ።

የሃይዶም ትምህርት የሥልጠና ክርክር ሁሉ ማዕከል ሊሆን ይገባል። በአገራችን ሥልጠና ሲባል የሚታየው አዳራሽ፣ አበል፣ ከጀርባ የተሰቀለ ባነር፣ በመጨረሻም የምስክር ወረቀትና የጋራ ፎቶ ነው። ደረት የመጫን ችሎታ ግን ካልተነካ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መሸርሸር ይጀምራል። በዓመት አንድ ቀን ከሚሠለጥኑ መቶ ጥበቃዎች ይልቅ፣ ፈረቃ በሚቀያየሩበት ሰዓት አንድ አሻንጉሊት ላይ በየወሩ ዐሥር ደቂቃ የሚንበረከኩ ሃያ ጥበቃዎች ይመረጣሉ። ለመነሻ ውድ አሻንጉሊትም ላያስፈልግ ይችላል፤ በደንብ የታጨቀ ትራስ ክርን አለማጠፍንና ፍጥነቱን ያስተምራል፣ ጥልቀቱን ግን በእውነተኛው አሻንጉሊት ላይ ማስተካከል ይገባል።

የሥልጠናውን ቦታ ለማግኘት አዲስ ተቋም መፍጠር አያሻም። «መንገድ ለሰው» የተባለው የእሑድ ስፖርት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ጎዳና ዘግቶ ሕዝብ ሲያወጣ ቆይቷል። የአትሌቲክስ ክለቦች አሠልጣኞች በየማለዳው እንጦጦ ላይ ናቸው። ዕድሮችም አሉ። ዕድር ድንኳን፣ ወንበር፣ ሰሃንና ጥሩምባ ነፊ አለው፤ አባሎቹን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሰበስባል፤ በወር አንድ ጊዜም ይገናኛል። ሽሮ ሜዳና የካ ተራራ ሥር ያሉ ዕድሮች በወርኃዊ ስብሰባቸው ለዚህ ግማሽ ሰዓት ቢሰጡ፣ በየቤቱ ቢያንስ አንድ የሚያውቅ ሰው ይኖራል። ልብ ብዙ ጊዜ የሚቆመው ሜዳ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነውና ይህ ከፓርኩም ይልቅ ብዙ ሰው ይነካል።

«ነገ ፖሊስ ጣቢያ ልጠራ ነው» የሚለው ፍርሃትም የብዙ ሰው እጅ አስሯል። ሕጉ ግን ወደ ሌላ ያዘነብላል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 በራሱ ላይ አደጋ ሳያመጣ መርዳት እየቻለ በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሆን ብሎ ያለ ርዳታ የሚተውን ይቀጣል። ሥልጠናው ይህን ሁለት ደቂቃ ሰጥቶ ቢያስረዳ የሚያወላውለውን ያደፋፍራል።

ሌላው ተቃውሞ ክብደት አለው። ወባ፣ የወሊድ ሞትና የመኪና አደጋ እያለ፣ ጽኑ ሕሙማን አልጋም በጣት በሚቆጠርበት አገር ለልብ መቆም ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ልቡ የተመለሰ ሰው አልጋ እንደሚያስፈልገው እውነት ነው፤ ያለዚያ የዳገቱ ላይ ልፋት ሊባክን ይችላል። ግን ይኸው የእጅ ሥራ ሐይቅና ወንዝ ውስጥ የሰጠመውን ወጣት፣ ሽቦ የያዘውን የኮንስትራክሽን ሠራተኛ፣ ጉሮሮው በምግብ የታነቀውንም ይመለከታል። ክረምት ላይ በደጋው የሚወርደውን መብረቅ ማንሣትም ይገባል፤ መብረቅ የመታው ሰው የሞተ ቢመስልም ወዲያው ደረቱ ከተጫነና ትንፋሽ ከተሰጠው የመዳን ዕድሉ ከሌሎች የተሻለ ነው። የአንድ አሻንጉሊትና የአንድ አሠልጣኝ ወጪ ከጽኑ ሕሙማን አልጋ ጋር አይወዳደርም።

የልብ ማነቃቂያ መሣሪያውን በተመለከተ መቸኮል አያስፈልግም። አውቶማቲክ ማነቃቂያው በድምፅ እየመራ የሚሠራ፣ የማያስፈልገውን ሰው የማያነዝር ነው፤ ያለ እሱ የሚንቀጠቀጥ ልብ በእጅ ግፊት ብቻ መመለሱ እምብዛም ነው። ሆኖም ባትሪውና ደረት ላይ የሚለጠፈው ንጣፍ የአገልግሎት ዘመን አላቸው፤ የሚከታተለው ሰው ከሌለ በቁልፍ ተዘግቶበት ይበላሻል። በመጀመሪያ የሚጫን እጅ፣ ከዚያ ቁልፍ በሌለበትና ሁሉ በሚያውቀው ቦታ የሚቀመጥ መሣሪያ፣ ለመሣሪያውም በስሙ ኃላፊነት የሚወስድ ሠራተኛ ይታሰብ።

ጫካው ውስጥ ደግሞ አድራሻ አለ ለማለት ያስቸግራል። ደዋዩ «ከማርያም ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ጋ» ሲል አምቡላንሱ የት ይሂድ? በየመንገዱ ዳር በየጥቂት መቶ ሜትሩ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ምሰሶ፣ ከሥሩም አንድ የስልክ ቁጥር ቢተከል ይህ ይፈታል። ስልክ የሚያነሣው ሠራተኛ ደግሞ ደዋዩን «ይመልስልሃል? ይተነፍሳል?» ብሎ ጠይቆ ደረት መጫንን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ደረጃ በደረጃ ሊያስረዳው ይገባል፤ ሲያትል አካባቢ ይህ አሠራር ዐሥርተ ዓመታት አስቆጥሯል።

የመጨረሻው ሥራ መዝገብ መያዝ ነው። ዴንማርክ ውጤቷን መናገር የቻለችው እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ እያንዳንዱን ከሆስፒታል ውጭ የቆመ ልብ በአገር አቀፍ ደረጃ ስለመዘገበች ነው። እንጦጦ ላይ ለመጀመር በየበሩ አንድ ደብተር ይበቃል፦ ማን በስንት ሰዓት ወደቀ፣ በየትኛው ምሰሶ አጠገብ፣ ማን አየው፣ ደረቱን ማን ተጫነ፣ በስንት ደቂቃ፣ አምቡላንሱ መቼ ደረሰ፣ የትኛው ሆስፒታል ተቀበለው፣ ከሠላሳ ቀን በኋላ ሁኔታው ምን ሆነ።